ከጅዳ የመጡ ካሴቶችና 34 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተለጠፈው ጥያቄ አጭር ነበር። ከአዳማ የምትጽፍ አንዲት ሴት፣ እናቷ ቤት ሲቀይሩ አንድ ካርቶን ካሴት ተገኘ ትላለች። ግማሹ አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1970ዎቹ ጅዳ ሲሠሩ በሰው እጅ ይልኩት የነበረ የድምፅ ደብዳቤ ነው። የቀረው አያቷ ቤት የተቀዳ ጨዋታ፣ እንጉርጉሮና የሠርግ ዘፈን ነው። ስልኳን ቴፑ አጠገብ አስቀምጣ አንዱን ቀድታዋለች። ድምፁ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ደግሞ የአባቷ ድምፅ ቀጥኗል፣ ንግግራቸውም ጥድፍ ጥድፍ ይላል። ሦስት ነገር ጠየቀች። በምን ልቅዳው? ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ዩኤስቢ ያለው ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ይሆናል ወይ? ይሄን በገንዘብ የሚሠራ ሰውስ አለ?

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄዋንና ከሥሩ የተሰጡትን 34 መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ብዙ ቁም ነገር አለው፣ ግን ተበታትኗል። መሐል ላይ ጭቅጭቅም አለ። እዚያ ውስጥ ገብቶ ለመፈለግ ጊዜ ለሌለው ሰው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1 የዋህ ነው። በስልክ መቅዳቱ ይበቃል፣ ዋናው ትዝታው ነው፣ በር ዘግተሽ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ቅጂው ይላል። እንዳይነዝር ቴፑን ብርድ ልብስ ላይ እንድታስቀምጥም ይመክራል። ይሄ የመጨረሻው ምክር ክፉ አይደለም።

መልስ 2 ግን ተቆጣ። ከስፒከር ወጥቶ፣ በክፍሉ ግድግዳ ነጥሮ፣ በስልክ ማይክ የገባ ድምፅ ቅጂ አይባልም አለ። ስልኩ ደግሞ ለንግግር ብሎ ድምፁን ራሱ እየቆራረጠ ያስተካክላል። ካሴቱ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ሊጫወት ይችላል፤ ያቺን አንድ ጊዜ በዚህ አታባክኛት ነው ነገሩ። ልክ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ሰላምታ ትንሽ ከረር ያለ ነበር።

መልስ 3 ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ማሽን ሲያወራ እሳቸው ወደ ካሴቱ ጀርባ ወሰዷት። ካሴት በጀርባው ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ካለ ካሴቱ ላይ መቅዳት ይቻላል፤ ከተሰበረ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም። የእኛ ሰው ደግሞ የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ወይም በፕላስተር እየደፈነ እንደገና ይቀዳበት ነበር። ስለዚህ ምንም ነገር ሳታጫውቺ በፊት ጥርሶቹን ስበሪ፣ ወረቀቱንም አውጪ አሏት። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የመጀመሪያው ጠቃሚ መልስ ይሄ ነው። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዘለዓለም የሚቆጭ ነገር ግን ያድናል።

የሚቆጨው ነገር ምን እንደሆነ መልስ 4 ላይ አለ። ከድሬዳዋ የጻፈች ሴት የወንድሟ ሠርግ የተቀዳበትን ካሴት ለማዳመጥ ብላ የማጫወቻውንና የመቅጃውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች። ከሙሽራው መግቢያ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ የእሷ የሳሎን ድምፅ ገባበት። የድስት ክዳን ይሰማል አለች። ከዚህ በላይ አላብራራችም።

መልስ 5 ካሴቶቹን በፎቶ አሳዪን አለ። መልስ 6 ላይ ጠያቂዋ ተመልሳ ዘረዘረች። አብዛኞቹ ሲ 60 እና ሲ 90 ናቸው፣ ጥቂት ሲ 120 አሉ (ቁጥሩ ካሴቱ የሚይዘው ደቂቃ ነው)። በአንዳንዶቹ ውስጥ ባለው ድምፅ የሚቀዳበት ክር ላይ ነጭ ነገር ይታያል። የአንዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች።

መልስ 7 የቴክኒሻኑ ነው። ረጅም ነው፣ ቢሆንም አንድም ቃል የሚጣል የለውም። መርካቶ ቴፕ ሲጠግን እንደኖረ ይናገራል። የጀመረው ከመሠረቱ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ይሄ ካሴት ክሩ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድ የሚሄደውም 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ገጽ፣ ገጹም ለስቴሪዮ ለሁለት ተከፍሎ ተቀድቷል። ስለዚህ ሄዱ ላይ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበው የቴፑ ትንሽ ብረት ላይ) የተለጠፈች ትንሽ ቡናማ ቆሻሻ ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ትበላዋለች። ሰው ካሴቱ አርጅቷል ይላል፣ ብዙ ጊዜ ያረጀው ግን የቴፑ ንጽሕና ነው።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። ሄዱን፣ የብረት ዘንጉንና ክሩን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። በየካሴቱ መሐል ድገሚው። ካሴቱን ከመቅዳትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሺው፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ የተቀመጠ ክር ይጣበቃል፣ የተጠቀለለውም እኩል አይሆንም። አንዱ ጥቅል ድምፁን ለጎረቤቱ ጥቅል ስለሚያወርስም ነው አንዳንዴ ሰውየው ሳይናገር ቀድሞ ድምፁ በሩቁ የሚሰማው። ማጠንጠን እሱን በመጠኑ ይቀንሰዋል። ሲ 120 ላይ ግን እጅሽ ይለስልስ አለ። የሲ 60 ክር ውፍረት ወደ 18 ማይክሮን ነው፣ የሲ 120 ግማሹ ብቻ። ደካማ ቴፕ ውስጥ ከገባ ይለጠጣል፣ ይበላል።

ነጩ ነገር ሻጋታ ነው። እሱ ያለበት ካሴት በቀጥታ ቴፕ ውስጥ አይገባም፤ ሄዱን ይበክልና ቀጥሎ ለሚገባው ካሴት ሁሉ ያዳርሰዋል። ደረቅ ቦታ ይቆይ፣ ከዚያ ውጪ ወጥተሽ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊው። ስፖንጇ የወደቀችበት ካሴት ደግሞ ድምፁ የሚታፈነው ክሩን ሄዱ ላይ የሚያስጠጋው ነገር ስለሌለ ነው። አምስት ብሎን ያለው አዲስ ርካሽ ካሴት ፈልጊ፣ ፍቺው፣ የአባትሽን ሁለት ጥቅል አውጥተሽ እዚያ ውስጥ አስቀምጪ። ብሎን የሌለውና የተበየደ ከሆነ ጠርዙን በቢላ ቀስ ብለሽ ሰንጥቂው። የተበጠሰ ካለ በተራ ፕላስተር አትቀጥይው፤ ሙጫው ይፈስና ጥቅሉን ያጣብቀዋል፣ ለዚሁ የተሠራ የክር መቀጠያ አለ። ድሮ በጥፍር ቀለም የሚቀጥሉም ነበሩ፤ እሱን አነሣና ምንም ሳይል አለፈው።

ውይይቱ በዚሁ ቢቀጥል ጥሩ ነበር። መልስ 8 መጣ። እኔ ሄዱን የማጸዳው በሽቶ ነው፣ አሪፍ ይሆናል፣ ቤቱንም ያውደዋል አለ። መልስ 9 በአንድ መስመር ጭንቅላቱ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀው። ከ10 እስከ 12 ያሉት ወደ አረቄ ዞሩ። አንዱ አጎቱ ቴፕ የሚያጸዱት በዳግም አረቄ ነበር አለ፤ ሌላው እውነተኛ ዳግም ዛሬ የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ፤ ሦስተኛው የደብረ ብርሃንንና የአርሲን አረቄ ማወዳደር ጀመረ። እኔ በበኩሌ ይሄንን ክፍል በደስታ ነው ያነበብኩት። የካሴት ጉዳይ ግን አልነበረም።

መልስ 13 ላይ ቴክኒሻኑ ቆጣ ብሎ ተመለሰ። ሽቶ ዘይት አለው፣ ሄዱ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይቀራል። አረቄ ግማሹ ውሃ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልም ቀሪው ውሃ ስለሆነ ሌላ ከጠፋ ነው እንጂ ተመራጭ አይደለም፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ፈልጊ። ስለ አረቄ ማውራት የፈለገ የራሱን ክር ይክፈት ብሎ ዘጋው።

መልስ 14 ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ያቺን ዩኤስቢ ያላትን ትንሽ ማጫወቻ ገዝቻታለሁ፣ ገመዱን ላፕቶፕ ላይ ሰክተሽ በቃ ነው፣ ምን ያስጨንቃል አለ። መልስ 15 ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተጻፈ ነው። እሱም ገዝቷት ነበር። ማስታወቂያው ላይ የድሮ ዋክማን ትመስላለች፣ ውስጧ ግን ቀላል ሞተርና ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁ ይዋዥቃል፣ ረዘም ብሎ የሚያዝ የዘፈን ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩም የዩኤስቢው ሽውታ አለ። ለንግግር ይሁን ካልሽ ይሁን፣ የአያትሽን እንጉርጉሮ ግን አትስጫት። መልስ 14 ሰውየው መልሶ፣ ሁሉም አሜሪካ አይደለም፣ ያለንን እንጠቀም አለው። እዚህ ላይ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እኔ ግን ከሲልቨር ስፕሪንጉ ጋር ነኝ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ የተሻለ አሮጌ ዕቃ ይገኛል።

ይህንኑ ነው መልስ 16 ያለው። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር በይ፣ ወይም ዘመድ ቤት ቡፌ ላይ በጨርቅ የተሸፈነውን ዴክ (ትልቁን የቤት ካሴት ማጫወቻ) ጠይቂ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የገቡ የጃፓን ዴኮች ከባድ ናቸው፣ ጥሩ ሞተር አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ላስቲኩ ነው፤ ይቀልጣል ወይም ይላላል። ላስቲክ መቀየር ብዙ ወጪ አይደለም። ስትገዢ ካሴት ይዘሽ ሂጂ፣ ሻጩ ፊት አጫውቺ፣ አጠንጥኚ። ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ያ ላይን አውት ነው፣ ድምፁ በገመድ ወደ ሌላ ዕቃ የሚወጣበት።

መልስ 17 ለምን ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ በአንድ ገመድ አታገናኝም ብሎ ጠየቀ። መልስ 18 በትሕትና አስረዳው። የላፕቶፕ ማይክ መግቢያ ለደካማ የማይክ ድምፅ የተሠራ ነው። ከቴፕ የሚመጣው ጠንካራ ድምፅ ሲገባበት ይሰነጣጠቃል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቻናል ብቻ ነው የሚቀበለው። ትንሽ የውጪ ሳውንድ ካርድ በቂ ነው፣ ለምሳሌ ቤሪንገር ዩሲኤ 202 ዓይነት፣ ቀይና ነጩን ገመድ በቀጥታ የሚቀበል። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይሁን፣ ነፃ ነው። በስቴሪዮ ቅጂ፣ 48 ሺህ ኸርዝ አድርጊው፣ ዕቃው ከቻለ 24 ቢት። ድምፁ ሲጮኽ መለኪያው ከዜሮ በታች ስድስት ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ዝቅ ብሎ የተቀዳን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠን ግን ማንም አይመልሰውም።

አንድ ጥሩ ነገርም ጨመረ። የአባትሽ ቴፕ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል ቢሆንም በስቴሪዮ ቅጂው አለ። ሞኖ ቅጂ የሁለቱንም ቻናል ቦታ ስለሚይዝ አንዱ ጠርዝ ቢጎዳ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። በኋላ የተሻለውን መርጠሽ ታስቀሪያለሽ።

መልስ 19 ላይ ጠያቂዋ በደስታ ተመለሰች። ጎረቤት ዴክ አዋሷት፣ ሳውንድ ካርዱንም አገኘች። ድምፁ ጥርት ብሏል። ከአባቷ ንግግር ጀርባ የሰዎች ሳቅና የሻይ ብርጭቆ ይሰማል። ግን አሁንም ይጣደፋሉ። እናቷም ይሄ እሱ አይደለም ብለው አዘኑ።

እዚህ ላይ ነው ክሩ እውነተኛ ክር የሆነው።

መልስ 20 የጡረተኛ የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። ድምፅ የሚጣደፈው ሲቀዳ ቴፑ ቀስ ብሎ ስለሄደ ነው አሉ። ቀስ እያለ የተቀዳው አሁን በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል። ትክክለኛውን ለማግኘት ጆሮ አያስፈልግም፣ የመብራቱን እምምታ ፈልጊ አሉ። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ባለበት ቤት የሚቀዳ ነገር ሁሉ ከሥሩ ትንሽ እምምታ ይይዛል። እሱ ደግሞ ልኩ፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ በኸርዝ፣ የታወቀ ነው። በኦዳሲቲ ስፔክትረሙን (የትኛው ኸርዝ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈቺና ታች ያለውን ሹል መስመር አንብቢ። እኔ ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ክር ውስጥ ብቻ ነው።

መልስ 21፣ ጠያቂዋ ሁለት መስመር አየች። አንዱ 50 ኸርዝ ላይ፣ አንዱ 66 ላይ። መሐንዲሱ በመልስ 22 ፈጥነው ተናገሩ። 50 ያለው የዛሬው ዴክሽ የራሱ እምምታ ነው፤ ባዶውን የካሴት መነሻ ስታጫውቺም ይኖራል። የካሴቱ 66 ያለው ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ 66ቱን ወደ 50 አውርጂው። አወረደችው። አባቷ እንደ ሰከረ ሰው እየጎተቱ ማውራት ጀመሩ። እናቷ በዚህኛው ሳቁ።

መልስ 24 ከዚያው ከጅዳ መጣ። (23ኛው አሁንም ስለ አረቄ ነበር፣ እናልፈዋለን።) እዚያ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ እንጂ 50 አይደለም አለ። ደብዳቤው የተቀዳው ጅዳ ከሆነ 66ቱ መውረድ ያለበት ወደ 60 ነው። ያ ማለት ዘጠኝ በመቶ ያህል ማዘግየት እንጂ ሩብ ያህል መጎተት አይደለም። ፍጥነቱንና የድምፁን ቅጥነት አንድ ላይ የሚቀይረውን መሣሪያ ተጠቀሚ፣ ፍጥነቱን ብቻ የሚነካውን አይደለም። ጎረቤት አገር ላለ አንባቢ ደግሞ ኤምሬትስ፣ ኩዌትና የመን 50 እንደሆኑ ጠቆመ፤ ካሴቱ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ አታስሉ ለማለት ነው።

መሐንዲሱ ደስ አላላቸውም። በመልስ 25 መርሁ ትክክል ነበር፣ መረጃው ነው የጎደለኝ አሉ። ኤሌክትሪሺያኑ፣ ጋሼ መርሁን አልነካሁም፣ ጅዳን ብቻ ነው የነካሁት ብሎ በመልስ 26 መለሰ። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ጭቅጭቅ ቢበዛልን!

ቴፑ መጀመሪያውኑ ለምን ቀስ አለ? እሱን ያስረዳው መልስ 27 ነው። በዚያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይሰንፋል። ባትሪውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ በጥርስ ነክሰው እንደገና የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ። በባትሪ የተቀዳው ላይ እንኳ ክፍሉ ውስጥ ማቀዝቀዣ ወይም መብራት ካለ እምምታው ሊገባ ይችላል፤ የአባትሽ ያ ይሆናል አለ። ስለዚህ የካሴቱን መጀመሪያም መጨረሻም ለኪ፣ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ልኩ ይለወጣል። የአያትሽ ካሴቶች መብራት በሌለበት ገጠር የተቀዱ ከሆኑ ግን እምምታ አታገኚም። ከኋላ ሬዲዮ የታወቀ ዘፈን ሲያጫውት ከተሰማሽ ያንኑ ዘፈን ከታተመው ቅጂ ጋር አስተያዪው። እሱም ከጠፋ እናትሽ ይፍረዱ። ቆም ባሉ ቁጥር የሚመጣው ሽውታ ደግሞ ቴፑ ድምፅ ሲያጣ በራሱ ማይኩን ስለሚከፍት ነው፤ ካሴቱ ተበላሽቶ አይደለም።

መልስ 28 ስለ ሄድ ማስተካከያ ብሎን ነው። ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ትንሽ በማዞር ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ማስተካከል ይቻላል፣ ምክንያቱም የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ሌላ ዘመም ኖሮት ሊሆን ይችላል። መልሱን የሰጠው ሰው ለጀማሪ ሁሉ ይህን ያዘዋል። ቴክኒሻኑ እዚህ ላይ ዳግመኛ ብቅ ብሎ በጎረቤት ዴክ ላይ ብሎን አይዞርም አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብል ፍርድ መሸሽ ይሆንብኛል። ስለዚህ የራስሽ ዴክ ከሆነ የቆመበትን በቀለም ምልክት አድርገሽ አዙሪው፣ የሰው ከሆነ አትንኪው።

መልስ 29 ወጣት ነው። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? አሁን ሽውታውን በአንድ ጠቅታ የሚያጠፋ ኤአይ አለ ይላል። የራሱን ናሙናም ለጠፈ። አዳመጥኩት። ሽውታው የለም። ግን ከኋላ የነበረው ዶሮም የለም፣ ሙቀጫውም የለም፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ቀ የነበረው ከ ሆኖ ይሰማል። መልስ 30 ይህንኑ በስድብ ነገረው፤ ስድቡን ልተወው። ነጥቡ ግን ትልቅ ነው። ከካሴቱ የወጣውን ምንም ሳትነኪ እንዳለ አስቀምጪ። ማጽዳት፣ ማዘግየት፣ መቁረጥ ሁሉ ሌላ ግልባጭ ላይ ይሁን። ዛሬ ጥሩ የመሰለሽ ማጽጃ ከአምስት ዓመት በኋላ ያሳፍርሻል፤ ዋናው ካለ እንደገና ትሠሪዋለሽ። ለእኔ የዚህ ክር ሁሉ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ሰው ጊዜውን ፕሮግራም ሲመርጥና ሽውታ ሲያጠፋ ይጨርሳል። ቴፑን አጽድቶ፣ ፍጥነቱን አውቆ፣ ያልተነካ ቅጂ ያስቀመጠ ሰው ግን ሌላው ሁሉ ቢቀርበትም አይጎዳም።

መልስ 31 የሠርጉን ካሴት ዩቲዩብ ላይ ልቀቂው፣ እንዲህ ያለ የድሮ ነገር ብዙ ተመልካች አለው አለ። እዚህ ክሩ ጦፈ። መልስ 32 ሕግ ጠቅሶ መጣ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል አገልግሎት የሚሆን ቅጂ ይፈቅዳል፣ ማሰራጨት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በሠርግ ላይ የዘፈነው አዝማሪም ባለመብት ነው። ሱቅ የተገዛ ካሴትማ አሳታሚም አለው። የመጀመሪያው ሰው፣ እንግዲህ ሁሉም ነገር በየካርቶኑ ይበስብስ ብሎ ተናደደ። የእሱም ንዴት ይገባኛል። ስንት የድሮ ዜማ በሕይወት ያለው አንድ አፍቃሪ ስለጫነው ነው። ሆኖም የጠያቂዋ ጉዳይ ይሄ አልነበረም፤ ሱቅ ገብቶ የተሸጠውን ሌላም ሰው ቤት ይዞታል፣ የአባቷን ድምፅ ግን ሌላ ማንም የለውም። ጊዜዋን ከእሱ ትጀምር።

መልስ 33 የእኚያው የካሴት ጥርስ ያስተማሩን አዛውንት ነው። ለቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ሁሉንም ከመላክሽ በፊት ብቻሽን አዳምጪው፣ ልጄ፣ አሉ። የዚያን ጊዜ የድምፅ ደብዳቤ ለአንድ ሰው ተብሎ የተነገረ ነው። የገንዘብ ጉዳይ አለበት፣ ማን ለማን ስንት ሪያል እንደላከ፣ የማን ትዳር ለምን እንደፈረሰ፣ ስለ አማት የተነገረ ቃል። የተናገሩት አልፈዋል፣ የተነገረባቸው ግን ግሩፑ ውስጥ አሉ። እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና ማን ማን እንደሆነ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ አሁን ጻፊ፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈውንም ፎቶ አንሺ። ይህን የሚያውቅ ሰው እያለ ነው የሚጻፈው። ከእሳቸው በኋላ ማንም አልተከራከረም።

የማስቀመጡን ነገር ራሷ ጠይቃ ከሥር ተጨማምሮ ተመልሶላታል። በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ዋናው ጥራቱን በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዌቭ ወይም በፍላክ ይቀመጥ፤ ለዘመድ የሚላከው ኤምፒ3 ይበቃል፣ እሱ በሰዓት 60 ሜጋባይት አካባቢ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ፍላሽ ላይ ብቻ አይተው፣ ይጠፋል፣ ይበላሻል። በቴሌግራም ሲላክ በፋይል ይላክ እንጂ እየተጫወተ በድምፅ መልእክት አይቀዳ። ካሴቶቹን ደግሞ አትጣያቸው፤ ከፀሐይ፣ ከጭስና ከስፒከር ማግኔት ራቅ አድርገሽ አቁመሽ አስቀምጫቸው።

በገንዘብ የሚሠራ ሰው አለ ወይ የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ በደንብ አልተመለሰም። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፊልን ብለዋል። አንዱ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚገለብጥ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ማለቱ አላማረኝም። የ90 ደቂቃ ካሴት በደንብ ሲቀዳ 90 ደቂቃ ይፈጃል። ለሰው የሚሰጥ ከሆነ አንድ ካሴት ብቻ ይሰጥ፣ ያልተጸዳውን ቅጂ ጭምር ይጠየቅ፣ ከዚያ ሌላው ይታይ።

መልስ 34 የቪኤችኤስ (የቪዲዮ) የሠርግ ካሴትም በዚሁ መንገድ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይሆንም። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሌላ ክር ክፈት ብሎ ይሄኛውን ቆለፈው።